ግድግዳው ክር የሆነ ቤት

ጋርላንድ፣ ሳይነጋ

ቅዳሜ ነው፣ ጳጉሜ ገብቷል፣ ሰማዩ ገና አልለየም። የአፓርታማችን መኪና ማቆሚያ ላይ ያለው መብራት አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። የመኪናዬን ኋላ ከፍቼ የጫንኩትን እንደገና አየሁ፦ ውኃ፣ በረዶ የሞላ ኩለር፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ ጃንጥላ፣ የቁስል ማሸጊያ፣ ለእባብ ብዬ የገዛሁት ረጅም ቦት ጫማ። ዘጋሁት። ከዚያ ደግሞ ከፈትኩት፤ ቁልፉን ውስጥ የተውኩት መስሎኝ ነው። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

የምንሄደው ከፎርት ዎርዝ ወዲያ፣ ልጄ መክሊት የምትሠራበት ቦታ ነው። መክሊት የተማረችው አርኪዮሎጂ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ መሬት ትቆፍራለች እላለሁ፤ ኮንስትራክሽን ነው ወይ ይሉኛል። አይደለም። መንገድ ወይም መጋዘን ሊሠራ ማሽን ከመግባቱ በፊት፣ ከመሬቱ ሥር የተቀበረ የድሮ ቤት ካለ እነሱ ቀድመው ይገባሉ። በትንንሽ መሣሪያ ይጠርጋሉ፣ ይለካሉ፣ ይስላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ማሽኑ ይገባና ሁሉንም ይገለብጠዋል። ሊጠፋ ያለውን ነገር ከመጥፋቱ በፊት መመዝገብ ነው ሥራዋ።

ወደዚህኛው ቤት ማሽኑ ሰኞ ይገባል። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። የእሷ መኪና ደግሞ ጋራዥ ገብታለች። ስለዚህ ሹፌሯ እኔ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ነው ያለኝ። የምትገባበትን ጉድጓድ በዓይኔ ሳላየው ይኸው ስንት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ልንወጣ ስንል ከመታጠቢያ ቤት ጠራችኝ።

“ማሚ።”

ዝም አልኩ።

“ማሚ።”

ጫማዬን ማሰር ቀጠልኩ።

“ማሚ። ኦኬ፣ ሦስት ሞላ። ቻርጀሬን አይተሻል?”

“ወይ። ሶኬቱ ላይ ነው” አልኳት።

አንባቢ ጆሮዋ አይሰማም እንዳይለኝ ይህን ላስረዳ። ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። እናቴ የጠራንን ሰው በዓይናችን ካላየን ቶሎ እንዳንመልስ ታስጠነቅቀን ነበር። ሰው ያልሆነ ነገር አንዴ ወይም ሁለቴ ይጠራል እንጂ ሦስቴ አይጠራም፤ የሚይዘውም የመለሰለትን ነው። ይልቁንም ቀትር ላይ፣ ይልቁንም ጉድጓድና ፍርስራሽ አጠገብ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ይህን ግን አጥብቄ ተምሬአለሁ። መክሊት አምስት ዓመቷ ሳለ ወደዚህ አገር ስንመጣ ልማዱን ይዤው መጣሁ። የሃይስኩል ጓደኞቿ ቤታችን ሲመጡ፣ እናቴ በሦስተኛው ነው የምትሠራው፣ እንደ አሮጌ መኪና፣ እያለች ታስቃቸው ነበር።

እኔም በእሷ ላይ ቅሬታ አለኝ። ስጠራት ዋት ትለኛለች፣ ሲሻላት ምን ትለኛለች። እናት ስትጠራ አቤት ነው የሚባለው እያልኩ ኖሬአለሁ። እንደመጣን ሰሞን አቤት እማዬ ነበር የምትለኝ። ትምህርት ቤት ስትገባ አቤት ቀረ፣ እኔም ማሚ ሆንኩ።

ኧርቪንግ፣ ጎህ ሲቀድ

ሃይዌዩ በዚህ ሰዓት የሠራተኛ ነው። ኤርፖርት የሚገቡ፣ ከመጋዘን የሌሊት ፈረቃ የሚወጡ። ኧርቪንግ ስንደርስ አውሮፕላኖቹ በራሳችን ላይ ዝቅ ብለው ይወርዳሉ፤ መብራታቸው አንድ በአንድ በሰማዩ ላይ ተደርድሯል። መክሊት መስኮቱን ተደግፋ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። የምሄድበትን መስመር ሳልለቅ፣ ፍጥነቴን ሳልጨምር እነዳለሁ። ከኋላዬ ያለው ትራክ ቢበሳጭም አልፎ መሄድ ይችላል።

ቤድፎርድ፣ ፀሐይ ስትወጣ

ቤድፎርድ ላይ ዶናት ቤት ቆምን። ውስጡ ሞቅ ያለ ዘይትና ስኳር ይሸታል። ባለቤቲቱ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣች አጭር ሴት ነች፤ ደርዘኑን በአሥራ አራት ዶላር ሸጠችልን፣ ትንንሽ ክብ ክቦቹን በነፃ ጨመረችልን። ልጄን አይታ ወደ ሥራ ነው ወይ የምትወስጃት አለችኝ። ወደ ጉድጓድ አልኳት። ሳቀች፤ እንግሊዝኛዬ የተሳሳተ መስሏት ይሆናል።

መኪና ውስጥ መክሊት አፏ ላይ ስኳር እንዳለ ስለ ቤቱ ነገረችኝ። ከመቶ ዓመት በፊት በጥጥ ሀብታም የሆነ ሰው የሠራው ነው። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ ግራና ቀኝ የጭስ መውጫ። በኋላ ጥጡ ሲቀር ሰዎቹ ተበተኑ፤ ቤቱ ፈርሶ እንጨቱ ተሸጠ፤ የቀረውን አፈርና ሣር ሸፈነው። የአካባቢው ሰው እንኳ ረስቶታል።

“ሰዎቹስ?” አልኳት።

“ማሚ፣ ኤቭሪባዲ ሞቷል። ማለቴ፣ መቶ ዓመት ነው።”

“እኮ” አልኳት።

“ሪላክስ በይ። ቤት ነው እንጂ መቃብር አይደለም።”

ቀጥዬ ጉድጓዱ ውስጥ ትገቢያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዶናቷን ነከሰች። አለቃችን አይፈቅዱም አለችኝ። አይፈቅዱም ማለትና አልገባም ማለት ሁለት ነገር እንደሆነ ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከፎርት ዎርዝ ወዲያ፣ ረፋድ

ፎርት ዎርዝን አልፈን ሃይዌዩን ስንለቅ መንገዱ ጠበበ። መጀመሪያ አዳዲስ ቤቶች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጣራ፣ ዛፋቸው ገና በእንጨት የተደገፈ። ከዚያ ላሞች። ከዚያ የሽቦ አጥር ብቻ። በመጨረሻ የጠጠር መንገድ ገባን፤ ከግራና ከቀኝ ማሽኖቹ ከወዲሁ ቆመዋል። ቢጫ፣ ትልልቅ፣ ሰው የሌለባቸው። አካፋቸው ወደ እኛ ዞሯል።

“እዚህ ጋ ፓርክ አድርጊ” አለችኝ።

ወርጄ ያየሁት ሣር ነው። ቢጫ ሣር፣ አንድ ትልቅ የፒካን ዛፍ፣ ሌላ ምንም። ከዚያ ቀዩን አበባ አየሁት። ቅጠል የለውም። ራቁቱን ከመሬት የወጣ ቀጭን ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ የደም ቀለም ያለው አበባ። ይህ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ። የገረመኝ አበባው በሁለት መስመር ተሰልፎ መቆሙ ነው፤ ከመንገዱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሜዳው መሐል ይሄዳል፣ ከዚያ ያቆማል። እንግዳ ለመቀበል ግራና ቀኝ የቆመ ሰው ይመስላል። የሚቀበልበት ቤት ግን የለም።

የመክሊት አለቃ ሚስተር ሃሮልድ ይባላሉ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ረጅም ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ማም ብለው ሰላም አሉኝ። ስለ አበባው ጠየቅኳቸው፤ መክሊት አስተረጎመችልኝ። የቤቱ ሴት የተከለችው ይሆናል አሉ። በጋውን ሙሉ መሬት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ብቅ ይላል። ማንም ሳያጠጣው፣ ማንም ሳያየው፣ በየዓመቱ ወጥቶ መንገዱን ያሳያል። ሥሩን ነቅለው ወደ ቤታቸው የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ እሳቸው ግን አይነኩትም።

በአበባው መሐል አልፈን ቦታው ላይ ደረስን። ችካሎች በየማዕዘኑ ተተክለው ነጭ ክር ተወጥሮባቸዋል፤ ከጉልበት ዝቅ ይላል። የቤቱ ግድግዳዎች የነበሩበት ሁሉ በክር ምልክት ተደርጎበታል። ሳሎን፣ መመገቢያ ክፍል፣ ኮሪደር፣ ከኋላ ወጥ ቤት። በግራና በቀኝ የጭስ መውጫዎቹ የድንጋይ መሠረት ተቆፍሮ ወጥቷል። ክሩን ተራምጄ ልገባ እግሬን ሳነሣ መክሊት ክንዴን ያዘችኝ።

“ማሚ፣ በግድግዳ ነው የምትገቢው። በሩ ወዲያ ነው።”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ ግን ክንዴን አልለቀቀችም። ሚስተር ሃሮልድን አየኋቸው። ሜትር ረስተው ኖሮ ከሳሎኑ ወደ መኪናቸው ሊሄዱ ነው፤ ክሩን አንድ እርምጃ ቢያልፉት ይደርሳሉ። አላለፉትም። በሚያማቸው ጉልበት በኮሪደሩ ዞረው፣ ክር በሌለበት በሁለቱ ችካሎች መሐል፣ በበሩ ወጡ። ሲመለሱም በበሩ ገቡ። መክሊት ሁሉም፣ ሥራቸውን ትላንት ጨርሰው የሄዱት ጭምር፣ እንደዚያ እንደሚያደርጉ ነገረችኝ። መጀመሪያ ክሩ እንዳይነካ ብለው ነበር፤ አሁን ልማድ ሆኗል። አንድ ጓደኛዋ እንዲያውም ሲገባ እግሩን ይጠርጋል።

እኔም በበሩ ገባሁ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስገባ ፀሐዩ የቀነሰ መሰለኝ።

ያገኙትን አሳየችኝ። የልብስ ቁልፎች፣ የተሰበረ ሰሃን፣ የብርጭቆ ክዳን፣ የታጠፈ ማንኪያ። በመጨረሻ አንድ ነጭ ሸክላ የበር እጀታ አወጣች፤ ክብ፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰ። የተገኘው እዚያው ሁለቱ ችካሎች መሐል፣ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት በታች ነው። መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። መያዝ አልፈለግኩም ነበር፤ ግን እጄ በራሱ ጊዜ ዙሪያውን ያዘው፣ በር ልከፍት እንደሆነ ሁሉ። ፀሐይ ላይ ስለዋለ ይመስለኛል፣ ሞቃት ነበር። አሁን አንድ ሰው ይዞት የለቀቀው ይመስላል። መልሼ ሰጠኋት።

ጉድጓዱ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ነበር። አፉ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ የሚያልፍበት። ከውስጥ ግን እንደ ትልቅ እንስራ ሰፋ ይላል፤ ግድግዳው ጡብ ነው፣ በኖራ የተለሰነ። ትላንት ካሜራ ረጅም እንጨት ላይ አስረው አውርደው ነበር። ሚስተር ሃሮልድ ምስሉን አሳዩኝ። ደብዛዛ ነው፤ ግን ታች ግድግዳው ላይ የእጅ አሻራዎች አሉ። ልስኑ ሳይደርቅ የታተሙ። ትንንሽ እጆች፣ ከነሱ በላይ አንድ ትልቅ። ጉድጓዱ አዲስ ሳለ፣ ውኃ ሳይገባበት፣ ልጆች ይዞ የወረደ ሰው አለ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የባለቤቱ ስም በመንግሥት መዝገብ ላይ አለ፤ የሴቶቹና የልጆቹ የለም።

ጥሩ ፎቶ ለማንሳት ሰው መውረድ አለበት። ለመውረድ ደግሞ አየሩን የሚለካው መሣሪያ መሥራት አለበት፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ መጥፎ አየር ይተኛል። የመሣሪያው ባትሪ አለቀ። ሚስተር ሃሮልድ ከተማ ሄደው ባትሪ ሊያመጡ ተነሡ። ጉድጓዱን በሳንቃ ከደኑት፣ መሰላሉን አጠገቡ አጋደሙት፣ መክሊትን፣ እኔ ሳልመጣ ማንም አይወርድም አሏት። ዬስ ሰር አለች። በበሩ ወጡ፣ መኪናቸው በአቧራ ውስጥ ጠፋች።

ቀትር

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጥላ ሁሉ ከእግር ሥር ገብቷል። መክሊት የቀኝ በኩሉን የጭስ መውጫ መሠረት ልጨርስ ብላ ብሩሽዋን ይዛ ሄደች። እኔን ፒካኑ ሥር በታጣፊ ወንበር አስቀመጠችኝ። ቀትር ላይ ጉድጓዱ አጠገብ እንዳትቆሚ አልኳት። ኦኬ ማሚ አለችኝ፣ ሳትዞር።

ከተቀመጥኩበት ሰፊው ሰማያዊ ባርኔጣዋ ከድንጋዩ ጀርባ ይታየኛል፤ ጉድጓዱን ግን የተቆለለው አፈር ይጋርደኛል። አጎንብሳ ትጠርጋለች አልኩ። ባርኔጣውን እያየሁ ዓይኔ ከበደኝ። ዛፉ ላይ የሚጮኹት ነፍሳት ከጠዋት ጀምሮ ጆሮ ያደነቁሩ ነበር። ድንገት ዝም አሉ። ያነቃኝ ጩኸት ሳይሆን ይህ ዝምታ ነው። ነፋስ የለም። የክሩ ግድግዳ በፀሐዩ ያበራል። ባርኔጣዋን ፈለግኩ፤ እዚያው ነው።

ያኔ ተጠራሁ።

“ማሚ።”

ድምፁ የመጣው ባርኔጣው ካለበት አይደለም። ከሌላ በኩል፣ ከታች፣ ከመሬቱ ውስጥ ነው። የታፈነ፣ ሩቅ። የልጄ ድምፅ ነው፤ ልጄ ግን እዚያ ማዶ ባርኔጣዋን አድርጋ ተቀምጣለች። ቀትር ነው፣ ፍርስራሽ ነው፣ ጉድጓድ አለ። እናቴ ያለችው ሁሉ በአንድ ላይ ተሟልቷል። ከንፈሬን ነክሼ በስመ አብ አልኩ። ባርኔጣውን አፍጥጬ እያየሁ ቀና በይ፣ ቀና በይልኝ እላለሁ በልቤ። ባርኔጣው አልተንቀሳቀሰም።

“ማሚ።”

ይኸኛው የደከመ ነው። አሁንም ከመሬት ሥር። መልሺ መልሺ የሚል ነገር ጉሮሮዬ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ልጄን እያየኋት ለሌላ ነገር ወይ ብዬ አልመልስም አልኩ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ሰው ከሆነች ሦስተኛውን ትጠራለች። ጠበቅኩ። ምን ያህል እንደጠበቅኩ ለመናገር ይከብደኛል። ሦስተኛው አልመጣም፤ እኔም እንግዲያው ሰው አይደለም ብዬ ትንፋሼን መለስኩ።

ከዚያ መጣ።

“እማዬ።”

ይህ ከመሬት ሥር አይደለም። የቆመ ሰው ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ቅርብ። የመጣው ከሁለቱ ችካሎች መሐል፣ ከበሩ ነው። ሰው በር ከፍቶ ደጅ ያለውን ሲጠራ እንደሚጠራው። ዞሬ አየሁ። በሩ ላይ ማንም የለም። ግን ተነሥቼ ነበር፤ ወይ ብዬም መልሼ ነበር፤ እግሬም ወደዚያው እየሮጠ ነበር።

በሩ ላይ ስደርስ በቤቱ መሐል ቀጥ ብዬ ወጥ ቤቱን፣ ከወጥ ቤቱ ወዲያ ደግሞ የተከፈተውን ጉድጓድ አየሁ። ሳንቃው ወደ ጎን ተገፍቷል፣ የመክሊት ቦርሳ አጠገቡ ተቀምጧል፣ መሰላሉ የለም። በኮሪደር በበር መዞር የት አባቱ። ግድግዳውን ሁሉ አልፌ ሮጥኩ፤ ክሩ በቅልጥሜ ላይ እየተበጠሰ፣ ችካሉ እየተነቀለ።

በሆዴ ተኝቼ ወደ ውስጥ አየሁ። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው፣ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ታች ስልኳ ሲያበራ አየሁ፣ መሬት ወድቆ። ከአጠገቡ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ወደ ደረቷ ወድቋል። መሰላሉ በጎኑ ተጋድሟል።

“መክሊት።”

መልስ የለም።

“መክሊት።”

አንገቷን ቀና አደረገች። ምን እንደሆንኩ እሷ ትንገራችሁ፤ እኔ የማስታውሰው እጄን ብቻ ነው። ጭቃ የሚያወጡበት የባልዲ ገመድ ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ አለው። ባልዲውን ፈትቼ መንጠቆውን አወረድኩ። አንዴ ሳትኩ፣ ሁለቴ ሳትኩ። ከዚያ የመሰላሉን አንድ ደረጃ ያዘልኝ። ጎተትኩ። መሰላሉ ቆመ፣ ጫፉ ወደ እጄ መጣ፣ በደረቴ ተጫንኩት።

“ውጪ።”

“እግሬ...”

“በሌላኛው እግርሽ ውጪ።”

ተነሣች። የመጀመሪያውን ረገጠች፣ ቆመች፣ ዓይኗ ተከደነ። እንዳትተኛብኝ ፈራሁ። አንድ ደረጃ በወጣች ቁጥር ስሟን እጠራለሁ፣ እስክትመልስ አላልፍም።

“መክሊት።”

“ዋት...”

“መክሊት።”

“ምን።”

“መክሊት።”

“አቤት” አለች። “አቤት እማዬ።”

ራሷ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል ብብቷ ሥር ይዤ ጎተትኳት። ሁለታችንም ሣሩ ላይ ወደቅን። ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት እንደገና መጮህ ጀምረዋል፤ መቼ እንደጀመሩ አላውቅም። ማዶ ሰማያዊው ባርኔጣ አሁንም ከድንጋዩ ጀርባ ይታያል። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ አውልቃ ችካል ላይ ሰቅላው ነው።

ከሰዓት

ሚስተር ሃሮልድ ባትሪውን ይዘው ሲመጡ እኛን አዩ፣ ከዚያ ጉድጓዱን አዩ። አልጮኹም። ስልክ አንሥተው እርዳታ ጠሩ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድም ሰው አላጣሁም አሏት በኋላ። መክሊት አለቀሰች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ከአካባቢው የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ኦክስጅን ሰጧት፣ ቁርጭምጭሚቷን አሰሩ። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አሉና ቀሪውን አልጨረሱትም። እኔ ግን ቀሪውን ሰማሁት።

ስልኳን ሚስተር ሃሮልድ በገመዱ አወጡት። ፎቶው ውስጡ አለ፤ ከመውደቋ በፊት አንሥታዋለች። አሁን እጆቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። የልጆቹ ጣቶች ተዘርግተዋል፣ እንደሚስቁ። ከነሱ በላይ ያለው ትልቁ እጅ የሴት ነው አሉ ሚስተር ሃሮልድ። እናት ትሁን ሞግዚት አይታወቅም። ልጆቹን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዛ ያሳተመቻቸው እሷ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አላየሁትም። ማየት የምፈልገው በሩን ነበር።

ልንሄድ ስንል ሚስተር ሃሮልድ ተንበርክከው የበጠስኩትን ክር ይቀጥሉ ጀመር። ሰኞ ማሽን የሚገባበት ቤት ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ክፍቱን አያድርም አሉ። ችካሉን እኔ ያዝኩላቸው፣ እሳቸው አሰሩ። ከዚያ መክሊትን በመሐላችን ደግፈን፣ ሦስታችንም በበሩ ወጣን። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ምንም ነገር ባይኖርም እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ሳብ አደረግኩ፣ በር እንደሚዘጋ።

ወደ ቤት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ

ቤድፎርድን አልፈናል። እግሯን ወንበሩ ላይ ሰቅላ ቀዝቃዛውን በረዶ ይዛበታለች። ፍርፍሩ እንደተጫነ ነው የተመለሰው። ለምን ገባሽ አላልኳትም። ራሷ ጀመረች።

“ሁለት ደቂቃ ነው ያልኩት። አለቃችን እስኪመጡ ብርሃኑ ይሄዳል ብዬ፤ ሶ፣ አነሣሁት፣ ስመለስ መሰላሉ ተንሸራተተ። እግሬን ሳይሆን አየሩን ነው የፈራሁት። እንቅልፍ መጣብኝ።” ወደ እኔ ዞረች። “ማሚ፣ ለምን አልመለስሽልኝም?”

መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ባርኔጣሽን እያየሁ ነበር አልኳት። ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር አልኳት።

“አውቄአለሁ” አለች። “ያን ሳስብ ነበር። አንድ ጠራሁሽ፣ ሁለት ጠራሁሽ። በሦስተኛው ትመጣለች አልኩ። ሦስተኛውን ልጠራሽ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ ተውኩት።”

“ጠርተሽኛል” አልኳት። “እማዬ ብለሽ።”

“ሁለት ጊዜ ነው ማሚ። ማሚ ነው ያልኩት። ሁለት ጊዜ።”

አውሮፕላኖቹ በኧርቪንግ ሰማይ ላይ ተሰልፈው ይወርዳሉ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር።

“የዚያ ቤት ሰዎች አማርኛ አይችሉም” አለች በመጨረሻ። ቀልድ ልታደርገው ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ሳይሞላ ቀረ። ከዚያ የመኪናውን በር መቆለፉን አየች። እኔም የእኔን አየሁ።

ጋርላንድ ስንደርስ የመኪና ማቆሚያው መብራት እንደ ጠዋቱ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። ኩለሩን ይዤ ቀድሜ ደረጃውን ወጣሁ፣ ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተትኩ። እጀታውን ስይዝ ሞቃት ነበር። ከኋላዬ ከጨለማው ተጠራሁ።

“ማሚ።”

“ወይ” አልኩ፣ ቃሉን ሳትጨርሰው።

መብራቱ ሲበራ ከደረጃው ሥር በአንድ እግሯ ቆማ አየኋት። “ምንም” አለች። “ልሞክርሽ ብዬ ነው።”

ወርጄ ደገፍኳት። ከእንግዲህ በመጀመሪያው ጥሪ ነው የምመልሰው። ማን እንደጠራኝ በኋላ አጣራለሁ።